መሪ ሳዞር ክላክሱ በራሱ ይጮሃል፤ ቁልፉም ይሞቃል (ፊያት 124 ስፓይደር)

ጥያቄ፣ የለገጣፎው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ የተወልኝ በፈረንጅ የ1974 ሞዴል ፊያት 124 ስፓይደር አለኝ። ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ሳዞር ክላክሱ ሳልነካው ይጮሃል። ትናንት ማታ በር ላይ ሳዞር ጎረቤት ሁሉ ደንግጦ ወጣ። ሌላው፣ ማታ ስነዳ የፊት መብራቱ ይደክማል፣ ፍሬቻውም ቀስ እያለ ነው የሚመታው። ቁልፍ ማስገቢያው ይሞቃል፤ የፕላስቲክ ሽታም አለው። አንድ ጋራዥ "ሽቦው በሙሉ ይቀየር" አለኝ። አባቴ የያዘውን መኪና እንዲህ ማራገፍ አንጀቴ አልቻለም። ከየት ልጀምር?

የሰበታው፦
ፊውዙን በትልቅ ቀይረው። እኔ 8 አምፒር የነበረውን 25 አድርጌ ተገላግያለሁ።

የቃሊቲው ኤሌትሪሺያን፦
ወንድሜ፣ ይሄን እንዳታደርግ! ፊውዙ ካልተቃጠለ የሚቃጠለው ሽቦው ነው። የሰበታው ወንድማችንም ዛሬውኑ ወደ 8 ይመልሰው።

ወደ ክላክሱ ስንመጣ፣ መሪው ላይ ያለው የክላክስ መጫኛ ማሳ (በመኪናው ብረት በኩል የሚመጣውን ነጌቲቭ) ብቻ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ሳይነኩት ከጮኸ፣ የመጫኛው ሽቦ የሆነ ቦታ ብረት ነክቷል ማለት ነው። ወደ ግራ ሲዞር ብቻ ከሆነ ደግሞ ከመሪው ስር ፈልገው። መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀል። የመሪውን መሃል ክፈትና የመሪውንና የዘንጉን አቀማመጥ በጠመኔ ምልክት አድርግ። ዳዶውን ላላ አድርገው እንጂ ሙሉ በሙሉ አታውጣው። መሪው ድንገት ሲለቅ ፊትህን እንዳይመታህ ነው። በመዶሻ ዘንጉን እንዳትመታ። ሲለቅ ዳዶውን አውጥተህ መሪውን አንሳ። ያንተ መኪና ኤርባግ የለውም፤ ኤርባግ ያለው መኪና ያላችሁ ግን ይሄን እቤት አትሞክሩ።

የሱሉልታዋ፦
የመብራቱ ነገር ሌላ ችግር ነው። በዚህ መኪና የፊት መብራቱ ኃይል በቁልፉና በመሪው ስር ባለው ማብሪያ በኩል ነው የሚያልፈው። ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖል ወደ 9 አምፒር ይስባል። ሃምሳ ዓመት ያገለገለ ኮንታክት ይሄን ሲሸከም ይግላል። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱም በርቶ፣ በቴስተር የባትሪውን ቮልት ለካ፤ ከዚያ አምፖሉ ሶኬት ላይ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ብዙ ካለፈ ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው።

መፍትሄው ሪሌ ነው (በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቁን ኃይል የሚያገናኝ ማብሪያ)፤ ለአጭሩ መብራት አንድ፣ ለረጅሙ አንድ። ቁጥሮቹ የሪሌው እግሮች ላይ ተጽፈዋል። 30 ከባትሪ ይምጣ፣ ባትሪው አጠገብ 15 አምፒር ፊውዝ ይኑረው። 87 ወደ አምፖሎቹ፣ 85 ማሳ፣ 86 ደግሞ ድሮ ወደ መብራቱ ይሄድ የነበረው ሽቦ። ለ30ና ለ87 ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ተጠቀም። ከዚያ በኋላ ማብሪያው ትእዛዝ ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። ዋናው ሽቦ አይቆረጥም፤ የአባትህ መኪና እንዳለ ይቆያል።

የለገጣፎው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ከፈትኩት። የክላክሱ ሽቦ መታጠፊያው ላይ ልጣጩ ተልጦ መዳቡ ያበራል፤ የነካበት ብረት ላይም ጭረት አለ። ከጎኑ አባቴ የጠቀለለው የቁስል ፕላስተር አለ፤ ደርቆ እንደ ወረቀት ተሰነጣጥቋል። እሱን አልጣልኩትም። ሽቦውን በአዲስ ናስትሮ ጠቅልዬ ከብረቱ አራቅኩት። አሁን እስከ መጨረሻው ባዞረውም ዝም ነው።

ከቁልፉ ጀርባ ያለው ቡናማ ሽቦ ሶኬቱ ጠቁሯል፤ አንድ ጎኑም ቀልጧል። ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት፣ አምፖሉ ላይ 11.2 ነበር። ሪሌ ካስገባሁ በኋላ አምፖሉ ላይ 13.4 ሆነ። ቁልፉ አሁን ቀዝቃዛ ነው። የቀለጠውን ሶኬት ግን በምን ልተካው?

የቃሊቲው ኤሌትሪሺያን፦
ጎሽ! ሶማሌ ተራ ሂድና የቀለጠውን ይዘህ አሳያቸው፤ በስሙ ብትጠይቅ አይገባቸውም። ሽቦውም እስከ ጠቆረበት ድረስ ይቆረጥ። አዲሱ ሶኬት እስኪገባ ማታ አትንዳው።