ለትምህርት ቤታችን የሚገዛው ገመድ አልባ የአየር ሁኔታ መለኪያ፦ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። ለደብረ ብርሃኑ ትምህርት ቤታችን የፊዚክስና የጂኦግራፊ ክፍሎች የሚገዛውን የአየር ሁኔታ መለኪያ በተመለከተ ለሥራ አስፈጻሚው የምናቀርበውን የጋራ ሐሳብ እዚህ እንቅረጽ። የመጀመሪያው ረቂቅ ይኸው፦ «ሦስት ገመድ አልባ መለኪያዎች፤ እያንዳንዱ የውጭና የውስጥ ሙቀት፣ እርጥበትና የአየር ግፊት የሚያሳይ፤ የነገውን አየር በሥዕል የሚተነብይ፤ ሰዓቱን ራሱ የሚያስተካክል፤ ከአሜሪካ ተገዝቶ በሻንጣ የሚላክ።» የሚወጣውንና የሚገባውን ምክንያቱን ጨምራችሁ ጻፉ። እስከ እሑድ ማታ ክፍት ነው።

አባል (ፍራንክፈርት)፦
እህታችን፣ «ሰዓቱን ራሱ የሚያስተካክል» የሚለው እንዳለ ከቀረ ገንዘባችን ውኃ በላው ማለት ነው። እዚህ አውሮፓ የሚሸጡት ሰዓታቸውን የሚያገኙት ጀርመን፣ ማይንፍሊንገን ካለውና የሰዓት ምልክት በረጅም ሞገድ ከሚልከው የዲሲኤፍ77 የሬዲዮ ማሰራጫ ነው። በ77.5 ኪሎኸርዝ፣ በ50 ኪሎዋት ያሰራጫል፤ በአስተማማኝ የሚደርሰው ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን ከዚህ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የአሜሪካዎቹ ደግሞ ኮሎራዶ፣ ፎርት ኮሊንስ ያለውን የ60 ኪሎኸርዝ የደብሊውደብሊውቪቢ ማሰራጫ ነው የሚጠብቁት፤ ያ ጭራሽ አይታሰብም።

አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ማሰራጫው በየሰከንዱ መጀመሪያ ኃይሉን ዝቅ ያደርጋል፤ ለ0.1 ሰከንድ ከሆነ ዜሮ፣ ለ0.2 ሰከንድ ከሆነ አንድ ተብሎ ይነበባል። ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ የሚያልቀው በአንድ ሙሉ ደቂቃ ነው። መሣሪያው ስህተት እንዳይገባበት ተከታታይ ደቂቃዎችን አመሳክሮ ነው የሚቀበለው። አጠገቡ የስልክ ቻርጀር ወይም ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ካለ እዚሁ ፍራንክፈርት ውስጥ እንኳ ማንበብ ያቅተዋል። ምልክት ጨርሶ በሌለበት አገር ደግሞ በየሌሊቱ ሲፈልግ አድሮ ባትሪውን ይጨርሳል እንጂ ሌላ አይፈይድም።

ገንዘብ ያዥ (አትላንታ)፦
ታዲያ በእጅ ቢሞላስ? ሰዓት መሙላት እኮ ለተማሪ ከባድ ሥራ አይደለም።

አባል (ፍራንክፈርት)፦
ይሞላል። ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ውስጡ ጊዜ የሚቆጥረው ኳርትዝ ድንጋይ ብዙውን ጊዜ ከሚሊዮን ሰከንድ እስከ 20 ሰከንድ ይስታል፤ ይህም በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በወር ወደ 50 ሰከንድ ነው። ለክፍል ሥራ ይህን ያህል አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው ሁለተኛው ነው፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ መጠባበቂያ ባትሪ የሌለው ማሳያ ፋብሪካው ወዳስገባለት ቀን ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የተመዘገበው ዝናብና ሙቀት ሁሉ በሐሰት ቀን ይጻፋል፤ አንድ ሰው እስኪያየው ሳምንት ቢያልፍ የሳምንቱ መዝገብ ተበላሸ ማለት ነው።

ስለዚህ አንቀጹ እንዲህ ቢባል፦ «ሰዓቱን በዋይፋይ ከኢንተርኔት የሚያስተካክል፤ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የሚይዝ ባትሪ ያለው፤ የረጅም ሞገድ ሰዓት መቀበያ ካለው የሚዘጋበት ቁልፍ ያለው።» አውሮፓና አሜሪካ በየዓመቱ ሰዓት የሚቀይሩበት የበጋ ሰዓት መቀያየሪያም ይዘጋ። አለበለዚያ በመጋቢት መጨረሻ ማሳያው በራሱ ሥልጣን አንድ ሰዓት ይዘላል።

የፊዚክስ መምህር (ደብረ ብርሃን)፦
እግዜር ይስጥልን። የዋይፋዩን ጉዳይ ልንገራችሁ። አስተዳደር ክፍሉ ያለው ራውተር 2.4 ጊጋኸርዝ ስለሚሰጥ ለእነዚህ መሣሪያዎች ይሆናል፤ አብዛኞቹ 5 ጊጋኸርዝ አያውቁም። ኔትወርክ በየቀኑ ባይኖርም ለሰዓቱ አያስጋም፤ በሳምንት አንዴ ቢያገኝ ከበቂ በላይ ነው። ለመረጃው ግን ያስጋል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ልኬቱን በራሱ የመረጃ ካርድ ላይ የሚጽፍ እንዲሆን በረቂቁ ይግባ። ወደ ኢንተርኔት ብቻ የሚልከው ዓይነት መስመር በተቋረጠ ቁጥር መዝገቡ ላይ ቀዳዳ ይተዋል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ማሳያው በእኛ አቆጣጠር እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል? ተማሪው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲል መሣሪያው 7 ይለዋል።

አባል (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)፦
መምህር፣ ብልሃት አለው፤ ግን አልመክርዎትም። የሰዓት ቀጠናውን ከግሪንዊች +3 በማድረግ ፈንታ −3 ብለው ቢሞሉት በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚጎትተው ከጠዋቱ 1 ሰዓትን 1 ብሎ ያሳያል። ቀኑም በእኛው ወግ ጎህ ሲቀድ ይለወጣል። ደስ ይላል። ማታ ግን በ24 ሰዓት አቆጣጠር 13 ይላል፣ የቀኑ ዝቅተኛ ሙቀትም ለሁለት ቀን ይከፈላል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ የሚጠነክረው ልክ ቀኑ በሚለወጥበት ንጋት ላይ ነውና ያው አንድ ብርድ በሁለት ቀን ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። +3 ይሁን፤ ግድግዳው ላይ የኛን የሚያሳይ ተራ ሰዓት ይሰቀል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነጥብ፦ የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች የ24 ሰዓት ዝናብ የሚለኩት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። መሣሪያው ካልቀየሩት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ዜሮ ያደርገዋል። የዝናብ ቀን መጀመሪያን መምረጥ የሚያስችሉ አሉ፤ 9 ብለው ቢሞሉት ከከተማው ጣቢያ ጋር ማነጻጸር ይቻላል።

ጸሐፊ፦
የሰዓቱ ነገር ተያዘ። ዝናብ ካነሳችሁ፣ ረቂቁ ውስጥ ዝናብ መለኪያ የለም እኮ።

አባል (ኦሮራ)፦
እሱ ነው ትልቁ ጉድለት። ዝናብና ንፋስ የማይለኩ ሦስት ትንንሽ ማሳያዎች ከምንገዛ ዝናብ፣ ንፋስ፣ ሙቀት፣ እርጥበትና ፀሐይ የሚለካ አንድ ሙሉ ጣቢያ ከመለዋወጫው ጋር ይበልጣል። የሦስቱ ትንንሾች ዋጋ ለአንዱ የሚበቃ ይመስለኛል፤ ገንዘብ ያዡ ያረጋግጥልን።

«ትንበያ በሥዕል» የሚለው ደግሞ ይሰረዝ። እነዚህ ማሳያዎች ደመናና ፀሐይ የሚሥሉት ግፊቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ስንት ወጣ፣ ስንት ወረደ ብለው ነው፤ ከ2 እስከ 4 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ከወረደ ዝናብ ይላሉ። ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ የተሠራ ስሌት ነው። ከምድር ወገብ አቅራቢያ ባለ አገር ግን ግፊቱ ምንም ዝናብ ሳይኖር በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል፦ ከጠዋቱም ከማታውም 4 ሰዓት አካባቢ ከፍ፣ ከቀኑም ከሌሊቱም 10 ሰዓት አካባቢ ዝቅ። መሣሪያው በጥር ጠራራ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ ዣንጥላ ቢያሳያችሁ አይግረማችሁ። መምህር ግን ይህንኑ ለትምህርት ሊያደርጉት ይችላሉ፤ የሳምንት ግፊት በግራፍ ሲሣል ይህ መውጣትና መውረድ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የፊዚክስ መምህር (ደብረ ብርሃን)፦
ለእሱማ ትንበያው ባይኖርም ግፊቱ ይበቃናል። ከፍታችን 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ግን የግፊት ሴንሰሩ ይሠራል ወይ?

አባል (ኦሮራ)፦
ሊመረመር የሚገባው ነው። እናንተ ጋ ያለው እውነተኛ ግፊት ከ715 እስከ 735 ሄክቶፓስካል መካከል ይሆናል። ከ300 እስከ 1,100 የሚለኩት አዳዲሶቹ ችግር የለባቸውም። ካርቶኑ ላይ ዝቅተኛው 800 ወይም 850 የሚል ካያችሁ ግን አትንኩት። ወደ ባሕር ጠለል የተመለሰው ግፊት የሚባለውን፣ ማለትም ቦታው ባሕር ዳርቻ ላይ ቢሆን ይኖረው የነበረውን፣ ደግሞ እርሱት፤ ወደ 300 የሚጠጋ ቁጥር መደመር ይጠይቃል፣ ያም ከሙቀቱ ጋር ይለዋወጣል። ማሳያው እውነተኛውን ግፊት ለይቶ የሚያሳይ ይሁን።

አባል (ፍራንክፈርት)፦
ከአሜሪካ ይገዛ የሚለውም ይታሰብበት። እዚያ የሚሸጡት ሴንሰሮች ብዙዎቹ ከማሳያው ጋር የሚነጋገሩት በ915 ሜጋኸርዝ ነው። በአገራችን ከ880 እስከ 915 ያለው የሞባይል ስልኮች ወደ አንቴና የሚልኩበት ነው፤ ሌላውን መረበሽም በሌላው መረበሽም ይመጣል፣ ሕጉም አይፈቅድም። ከአውሮፓ የ868 ወይም የ433 ሜጋኸርዙ ይገዛ። እኔ ከዚህ ልገዛው እችላለሁ።

ርቀቱን በተመለከተ ካርቶኑ ላይ 100 ሜትር ወይም 150 ሜትር ይላል፤ ገላጣ ሜዳ ላይ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያና የብረት መስኮት ሲገባበት ሲሶው ከተገኘ ጥሩ ነው። ማሳያው ሴንሰሩ በሚታይበት መስኮት አጠገብ ይቀመጥ፤ ከማንኛውም ብረት ቁም ሣጥን ይራቅ። ከመትከላችሁ በፊት ሁለቱን ሦስት ሜትር አራርቃችሁ ግማሽ ሰዓት አሠሩዋቸው፣ ቀጥሎ ሴንሰሩን ወደሚተከልበት ወስዳችሁ ለአንድ ሌሊት ተዉት። ማሳያው ላይ የሰረዝ ምልክት ካሳየ ቦታው አይሆንም።

ገንዘብ ያዥ (አትላንታ)፦
የሦስቱ ትንንሾች ገንዘብ አንዱን ሙሉ ጣቢያ፣ አንድ ትርፍ የውጭ ሴንሰርና የሁለት ዓመት ባትሪ ይሸፍናል፤ ሒሳቡን አይቼዋለሁ። ባትሪው ምን ዓይነት ይሁን?

አባል (ኦሮራ)፦
የውጩ የ1.5 ቮልት ሊቲየም ድንጋይ ይሁን። ተራው አልካላይን በውርጭ ሌሊት አቅሙ ይወድቅና ንጋት ላይ ሴንሰሩ ዝም ይላል፤ ዝቅተኛው ሙቀት የሚመዘገብበት ሰዓት ደግሞ ያ ነው። እንደገና የሚሞላው 1.2 ቮልት ስለሆነ ገና ከጅምሩ «ባትሪ አነሰ» ይላል። ትርፍ ሊቲየም በአውሮፕላን ሲሄድ በእጅ ሻንጣ፣ ጫፉ በፕላስተር ተሸፍኖ ነው።

ሴንሰሩ ላይ ባለው ሶላር ፓኔል ብቻ ይሠራል ተብሎ ደግሞ አይታመን። መመሪያው ፓኔሉን ወደ ደቡብ አዙሩ ይላል። ደብረ ብርሃን ላይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ ክረምቱም ደመና ነው። ዝናቡ በሚበዛበት ወቅት ፓኔሉ የሚሰጠው ትንሽ ነው ማለት ነው። ሴንሰሩ ላይ ያለው የሰሜን ቀስት ግን ለንፋስ አቅጣጫ ስለሆነ ለፓኔሉ ብላችሁ እንዳታዞሩት።

የፊዚክስ መምህር (ደብረ ብርሃን)፦
አተካከሉን እኛ እንወጣዋለን። ቦታው ከቤተ መጻሕፍቱ በስተ ምሥራቅ ያለው ሣር ሜዳ ቢሆን ብዬ አስቤአለሁ፤ ሕንፃው 5 ሜትር ይሆናል።

አባል (ኦሮራ)፦
እንግዲያው ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ፤ ለዝናብ የቁመቱ ሁለት እጥፍ ነው ሕጉ። ንፋስ በደንቡ የሚለካው 10 ሜትር ላይ፣ ሙቀት ደግሞ 1.5 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሁሉም በአንድ እንጨት ላይ ሲሆን አንዱ መጎዳቱ አይቀርም። ንፋሱ ይጎዳ። ሁለት ሜትር ላይ ይተከል፤ ተማሪ ደረጃ ላይ ቆሞ ሊያጸዳው ይችላል። ጣሪያ ላይ የሰቀላችሁት እንደሆነ የቆርቆሮውን ግለት ነው የምትለኩት።

ዝናቡ የሚለካው እየሞላ በሚገለበጥ ትንሽ ማንኪያ ነው፤ ሲገለበጥ 0.2 ወይም 0.3 ሚሊ ሜትር ብሎ ይቆጥራል። በውኃ ልክ ካልተስተካከለ አንዱ ወገን ቀድሞ ይገለበጥና ይዋሻል። የሸረሪት ድር፣ የወፍ ኩስና አቧራ ቀዳዳውን ይደፍናሉ፤ በረዶ ከጣለ ደግሞ ቀልጦ እስኪያልቅ ዘግይቶ ይቆጥራል። ፍተሻው ቀላል ነው። የክቡን አፍ ስፋት ከዳር እስከ ዳር ለኩ፤ 11 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቆዳ ስፋቱ 95 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፣ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 9.5 ሚሊ ሊትር ውኃ ማለት ነው። 190 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ለክታችሁ በጠባብ ቀዳዳ ከግማሽ ሰዓት ባላነሰ ጊዜ አንጠባጥቡት። 20 ሚሊ ሜትር ማሳየት አለበት። በፍጥነት ካፈሰሳችሁት ማንኪያው እየተገለበጠ ሳለ የሚያመልጥ ውኃ ስላለ አሳንሶ ይናገራል፤ በሐምሌ ዶፍም ያው ነው የሚሆነው።

ጸሐፊ፦
ጎሽ! ተስተካክሎ ይኸው፦ «አንድ ሙሉ ጣቢያ፣ በ868 ወይም በ433 ሜጋኸርዝ የሚሠራ፣ ከአውሮፓ የሚገዛ፤ የዝናብ፣ የንፋስ፣ የሙቀት፣ የእርጥበትና የፀሐይ ሴንሰር ያለው፤ እውነተኛ ግፊትን ከ700 ሄክቶፓስካል በታች ድረስ የሚለካ፤ ሰዓቱን በዋይፋይ የሚያስተካክል፣ መጠባበቂያ ባትሪና የመረጃ ካርድ ያለው፤ አንድ ትርፍ የውጭ ሴንሰር፤ ለሁለት ዓመት የሚሆን ሊቲየም ባትሪ። ምሰሶና አጥር በትምህርት ቤቱ።» ተቃውሞ ካለ ተናገሩ።

የፊዚክስ መምህር (ደብረ ብርሃን)፦
ተቃውሞ የለኝም። አንድ ትንሽ የሙቀት ሴንሰር ይጨመርበት፤ ሣሩ ላይ ተኝቶ የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ እንዲለካ። 1.5 ሜትር ላይ 2 ዲግሪ እያሳየ መሬቱ ነጭ ሆኖ የሚያድርበት ጊዜ አለና ተማሪው በቁጥር እንዲያየው ነው። ለምሰሶው ሁለት ኢንች የብረት ቱቦ፣ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ከዚያ ውስጥ 60 ሴንቲ ሜትሩ በኮንክሪት የሚቀበር አዝዣለሁ።

አባል (ፍራንክፈርት)፦
የመሬት ሴንሰሩን እጨምራለሁ፤ ያው በዚያው ድግግሞሽ የሚሠራው ይገኛል። ቱቦውን ግን ይቀይሩት መምህር። ሁለት ኢንች የሚባለው ውጩ 60 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሴንሰሩ ማሰሪያ ዩ ቦልት (እንደ ዩ ፊደል የታጠፈው ብሎን) ብዙውን ጊዜ ከ50 አያልፍም። ኢንች ከሩቡ 42 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ልክ ይገባል። ርዝመቱንም 2.60 ያድርጉት፤ 60ው ሲቀበር ከመሬት በላይ ሁለት ሜትር ሙሉ ይቀርልዎታል።