ጥቆማ፦ ለሠርግ ካርድ የሚሆን ጠምዛዛ ፎንት፤ ደብረ ብርሃን ላይ ማን ያትመዋል?

ጠያቂዋ፦ ለጥር ሠርግ 200 ካርድ ላሳትም ነው። የሙሽሮቹ ስም በእንግሊዝኛ በኤድዋርዲያን ስክሪፕት ወይም በግሬት ቫይብስ፣ ከሥሩ አማርኛው በዚያው ስልት እንዲሆን ነው የፈለግኩት። የትኛው ይሻላል? የት ላሳትም?

የጠባሴ ልጅ፦ ጠባሴ ሰፈር አስፋልቱ ዳር ያለው ማተሚያ ቤት ሂጂ፣ ሌላ ቦታ አትልፊ።

ሸዋ ሮቢት፦ እህቴ፣ ሁለቱም የግዕዝ ፊደል የላቸውም። አማርኛ ስትጽፊበት ኮምፒውተሩ ሳይነግርሽ በሌላ ፎንት ይተካዋል፣ ዊንዶውስ ላይ ብዙውን ጊዜ በኤብሪማ። ያኔ ላዩ የሠርግ፣ ታቹ የቢሮ ደብዳቤ ይሆናል። ፊደላችን እየተቀጣጠለ ስለማይጻፍ ወፍራምና ቀጭኑ የብዕር ምት የሚታይበትን ምረጪ። አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነፃ ይወርዳል፣ የብራና ጽሑፍ መልክ አለው። ኒያላም ያምራል፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ከኦፕሽናል ፊቸርስ (ከዊንዶውሱ ተጨማሪ ነገሮች ዝርዝር) ካልተጫነ አይገኝም።

ማሚቱ፦ ስለ ስክሪፕት (ጠምዛዛ ፎንት) ካነሳችሁ አይቀር፣ አንድ ቤት (ስሙ ይቅር) ለመኪና ስቲከር ቆርጦ የሰጠን ጉድ ነው። ፊደል ከፊደል በተደረበበት ሁሉ ምላጩ አልፎበታል። ቀጫጭኑ ጭራ ደግሞ ስንልጠው ተበጣጥሶ ቀረ። ገንዘብም አልመለሱ።

የጠባሴ ልጅ፦ ጠባሴ እንዲህ አይሠሩም!

ማሚቱ፦ ጠባሴ ነው አልኩ እንዴ?

አንኮበሬው፦ ዌልድ ስላላደረጉት፣ ማለት የተደራረቡትን ፊደሎች ወደ አንድ ቅርጽ ስላላዋሃዱት ነው። ኮረል ድሮው በሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ጽሑፉ በኮንትሮል ኪው ወደ ከርቭ (ወደ መስመር ቅርጽ) ይቀየራል፣ ከዚያ ፊደሎቹ በሙሉ ተመርጠው ዌልድ ይደረጋሉ። ጭራው ከ1 ሚሊሜትር ከቀጠነ ሳይቆረጥ በፊት ማወፈር ነው።

ሞጃው፦ ስሙን በሙሉ በካፒታል አድርጉትና እንግዳው አስተርጓሚ ይዞ ይምጣ 😂

ሸዋ ሮቢት፦ ቀልዱ እውነት አለው። በስክሪፕት ፎንት ካፒታል የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው፣ ሁሉም ካፒታል ከሆነ አይነበብም። የፊደል ርቀትም አይነካ፤ ትንሽ ከተዘረጋ መያያዣው ይበጠሳል። ጠምዛዛው ለስም ብቻ ይሁን፣ ከ30 ነጥብ (ፖይንት) በላይ። ቀንና አድራሻ በተራ ፎንት፣ ከ9 ነጥብ ሳያንስ። ወርቃማ ፎይል (የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን) ካሰብሽ ቀጭኑ መስመር ሊነቀል ወይም ሊሞላ ስለሚችል፣ 200ው ሳይታተም በዚያው ወረቀት አንድ ናሙና አሳዪኝ በያቸው።

አረርቲ፦ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የድሮ ፋይል ስከፍት የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ነው የሚያሳየኝ፣ ምን ላድርግ?

አንኮበሬው፦ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በጋራ የሚያውቁት የፊደል ኮድ) አይደለማ። ያንኑ ፎንት ጫን፣ ወይ በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ አዙረው። ለማተሚያ ቤት ስትልክ ደግሞ ፎንቱ የተካተተበት ፒዲኤፍ ይሁን።

ጠያቂዋ፦ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ካርዱ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ጽሑፉ ነጭ ቢሆንስ?

ሸዋ ሮቢት፦ አብዛኛው ዲጂታል ማሽን ነጭ ቀለም የለውም። ነጭ ወረቀት ላይ ቡናማው ታትሞ ስሙ ክፍት ይተዋል፤ ያኔ ቀለሙ ቀጭኑን መስመር ይውጠዋል፣ ፎንቱ ይወፍር።

የጠባሴ ልጅ፦ ጠባሴ ነጭም ያወጣሉ።

ማሚቱ፦ የተበላሸውን ስቲከር ከመኪናው ማስለቀቂያ የሚያውቅ አለ?

አንኮበሬው፦ በፀጉር ማድረቂያ አሙቀሽ ከጠርዝ በቀስታ ሳቢው። የቀረውን ሙጫ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ጥረጊና ወዲያው በሳሙና እጠቢው።