ማልቲዝ ቡችላ በ45 ቀኗ ልውሰዳት ወይስ ትቆይ?

የሲኤምሲዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለአንዲት ማልቲዝ ቡችላ ቀብድ ከፍያለሁ። ሻጩ «45 ቀን ሞልቷታል፣ ጡት ጥላለች፣ ተከትባለች፤ ቅዳሜ መጥተሽ ውሰጃት» ይላል። ግማሽ ኪሎ እንኳ አትሞላም። አንዳንዱ ሁለት ወር ይበቃል ይላል፣ ሌላው ለትንንሽ ዝርያ ሦስት ወር ነው ይላል። የቱን ልስማ? ቶሎ ብወስዳትስ ጉዳቱ ምንድን ነው?

ቢሾፍቱ ቬት፦
በ45 ቀን አትውሰጃት እህቴ። ለየትኛውም ዝርያ ዝቅተኛው 8 ሳምንት ነው። ለማልቲዝ፣ ለቺዋዋና ለዮርክሻየር ቴሪየር ግን ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይሻላል።

ዋናው ምክንያት የደም ስኳር ነው። የእነዚህ ቡችሎች ጉበት የሚያጠራቅመው ስኳር ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚበቃ ነው፤ ጡንቻና ስብም ገና የላቸውም። ብርድ፣ ተቅማጥ፣ የቤት ለውጥ ጭንቀት ወይም አንድ ምግብ መዝለል ስኳሩን ያወርደዋል። መጀመሪያ ትፈዛለች፣ ከዚያ ትንገዳገዳለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ካልተደረሰላት ይጥላትና ያንፈራግጣታል። ይህ በብዛት የሚያጋጥመው አዲስ ቤት በገባች ሰሞን ነው፤ በደንብ ሳትበላ ስለምታድር።

ስለዚህ ስትወስጃት በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ ትንሽ ትንሽ አብያት፤ የመጨረሻውን ልትተኙ ስትሉ፣ የመጀመሪያውን ገና እንደነጋ። ምልክቱን ካየሽ ማር በጣትሽ ጫፍ ድዷ ላይ ቀቢ። ራሷን ከሳተች አፏ ውስጥ ምንም አታንቆርቁሪ፣ ሳንባዋ ይገባል። በፎጣ ጠቅልለሽ ሐኪም ጋ ውሰጃት። መለስ ካለችልሽም ወዲያው ምግብ ስጫት፤ ማሩ ስኳሯን ከፍ የሚያደርገው ለጥቂት ጊዜ ነው፣ ተመልሶ ይወርዳል።

ነጭ ጭራ፦
በስኳሩ ጉዳይ እስማማለሁ፤ «ሦስት ወር ጠብቂ» የሚለውን ግን በደፈናው አልቀበልም። ከ3ኛው እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ቡችላ ሰውንና ድምፅን የምትለምድበት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ጓሮ ቆርቆሮ ሥር ታስራ ከቆየች ለብዙ ዘመን የምትበረግግና ሰው ባየች ቁጥር የምትጮህ ውሻ ይዘሽ ትመጫለሽ።

ስለዚህ ከዕድሜዋ በፊት ቦታውን እዪ። እናትየው አብራ አለች? ቡችሎቹ ሳሎን ውስጥ ከሰው ጋር ነው የሚውሉት? ወለሉ ንጹሕ ነው? መልሱ አዎ ከሆነ 10፣ እንዲያውም 12 ሳምንት ትቆይ። አይ ከሆነ 8 ሳምንት እንደሞላት አውጫት፤ ቀሪውን አንቺ ብታሳድጊያት ይሻላታል።

ከ8 በፊት ግን በፍጹም። ከእህት ወንድሞቿ ጋር ስትላፋ ጠንክራ ስትነክስ እነሱ ይጮሁና ጨዋታው ይቆማል፤ የጥርሷን ልክ የምትማረው እንዲህ ነው። ያን ሳትማር የወጣች ቡችላ «ትንሽ ናት፣ ምን ታደርጋለች» እየተባለች ታድግና የልጆች እጅ ትዘነጥላለች።

የሲኤምሲዋ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። «ተከትባለች» ማለቱስ? ደግሞ በእርግጥ 45 ቀን መሆኗን በምን አውቃለሁ?

ቢሾፍቱ ቬት፦
ጥርሷን እዪ። የወተት ጥርስ በ3ኛው ሳምንት ገደማ ብቅ ይላል፤ 28ቱም ተሟልተው የሚገኙት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው። በትንንሽ ዝርያዎች ትንሽ ሊዘገይ ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን የፊቶቹ ገና ድዱን እየበሱ ከሆነ ሻጩ ዕድሜ ጨምሯል።

ክትባቱን በቃል አትቀበይው። በደብተሯ ላይ ከጠርሙሱ የተላጠ ተለጣፊ ከነመለያ ቁጥሩ፣ ቀን፣ የሐኪሙ ፊርማና ማኅተም መኖር አለበት። ይህ ሁሉ ቢኖርም አንድ መርፌ አይበቃም። ከእናቷ ያገኘችው መከላከያ በደሟ እስካለ ድረስ ክትባቱን ሊያከሽፈው ይችላል፤ የሚጠፋበት ጊዜ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። ለዚህ ነው የፓርቮና የዲስቴምፐር (ሁለቱም ቡችላ የሚገድሉ የቫይረስ በሽታዎች ናቸው) ክትባት ከ6 ወይም 8 ሳምንት ጀምሮ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ተደጋግሞ የመጨረሻው 16 ሳምንት ሲሞላ ወይም ከዚያ በኋላ የሚሰጠው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወር ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ ስላለበት፣ ሻጩ ራሱ ገዝቶ ቤቱ ፍሪጅ አስቀምጦ የወጋው ከሆነ እንዳልተከተበች ቁጠሪው። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ።

ነጭ ጭራ፦
ክትባቱ እስኪያልቅ የመንደር ውሻ የሚረግጠው መሬት ላይ አታስቀምጫት፤ ታቅፈሽ ግን አውጫት፣ ባጃጁንም ጀነሬተሩንም ትስማ። ጫማ በር ላይ ይውለቅ። ከዚህ በፊት ግቢሽ ውስጥ በፓርቮ የታመመ ውሻ ከነበረ ቫይረሱ ወራት ይቆያል፤ ወለሉን መጀመሪያ በሳሙና እጠቢ፣ ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጠሽ አፍስሺበት፣ 10 ደቂቃ ወለሉ ላይ አቆይተሽ በውሃ አጥቢው። ይህ ለሲሚንቶና ለሴራሚክ ነው፤ አፈር ላይ አይሠራም።

ኮልፌ 18፦
ስለ ምግብ ልጨምር። የላም ወተት ያስቀምጣታል፤ በዚህ ክብደት ተቅማጥ ቀልድ አይደለም። የወጥ ትራፊ ጨርሶ አይሰጥ፤ ሽንኩርት፣ ቀይም ይሁን ነጭ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይሰባብራል። ሻጩ የሚያበላትን ደረቅ ምግብ ለአንድ ሳምንት ያህል ሳትቀይሪ፣ በለብ ያለ ውሃ አርሰሽ ስጫት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ አንቺ ወደመረጥሽው የውሻ ምግብ ቀይሪ። ለአዲስ አበባ ሌሊት ሞቅ ያለ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልተሽ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ መኝታዋ አንድ ጥግ ላይ አድርጊ፤ ሲሞቃት የምትሸሽበት ባዶ ቦታም ተይላት።

ቀብዱን አስመልክቶ፦ ለተጨማሪ አንድ ወር የምግቧን ልክፈል በይው። በየሳምንቱ በኩሽና ሚዛን መዝኖ ፎቶ ይላክልሽ፤ ቁጥሩ በየጊዜው መጨመር አለበት። አንድ ሳምንት ባለበት ከቆመ ወይም ከቀነሰ ሐኪም ሳያያት አትረከቢ። «አሁኑኑ ካልወሰድሽ ለሌላ እሸጣለሁ» ካለ ቀብድሽን ጠይቂው።