አዲስ በረዶ ጥሏል፣ እንውጣ ወይስ እንቅር?

ጠያቂ፦ ሌሊቱን ከነፋስ ጋር ብዙ በረዶ ጥሏል። አሁን ግን ሰማዩ ጠርቷል። ከጓደኞቼ ጋር ከተራራው በስኪ (በበረዶ መንሸራተቻ) ልንወርድ አስበናል። የበረዶ ናዳ ያሰጋል እንዴ?

መልስ፦ በጣም! በፀሐዩ አትታለል። ነፋስ በረዶውን ከአንዱ ወገን ጠርጎ በሌላው ይቆልለዋል፤ ያ ክምር ከሥሩ ካለው ደካማ ንብርብር ጋር ሳይያያዝ ይቆይና የአንድ ሰው ክብደት ሲያርፍበት ተሰንጥቆ በሙሉ ይንሸራተታል። በተለይ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ የሚያዘነብል ቦታ ላይ አትውጡ።

ሌላ መልስ፦ ከእግርህ ሥር የታፈነ ‘ዱም’ የሚል ድምፅ ከሰማህ፣ ደካማው ንብርብር እየተደረመሰ ነውና ወዲያው ተመለስ። ቢኮን (የተቀበረ ሰው ያለበትን የሚጠቁም የሬዲዮ ምልክት መሣሪያ)፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ደግሞ እያንዳንዳችሁ ያዙ። የተቀበረ ሰው ከ15 ደቂቃ በኋላ የመትረፍ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል፣ ስለዚህ የምታወጡት እናንተው ናችሁ።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ለጥ ያለው ቦታ ላይ እንቆያለን።

መልስ፦ ጥሩ፣ ግን ከላያችሁ ቁልቁለት እንዳይኖር እዩ። ናዳ ሜዳውም ላይ ይደርሳል።