ጓሳ ለአራት ቀን ስንወጣ ምን ስንቅ እንቋጥር?

ተጓዥ ከደብረ ብርሃን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታኅሣሥ ላይ መንዝ ጓሳ ልንወጣ ነው። አምስት ነን፣ አራት ቀን፣ አዳራችን ድንኳን ውስጥ። መሐል ሜዳ ከተማ ወርዶ ምሳ መብላት የሚባል ነገር የለም፤ የያዝነውን ነው የምንበላው። ሁለታችን የነቢያትን ጾም እንጾማለን፣ ሦስቱ አይጾሙም። አንዷ ጓደኛችን ሩዝና ድፍን ምስር ይዘን እዛው እንቀቅላለን ትላለች። ሌላው ቱናና ማካሮኒ ካልሆነ ብሎ ድርቅ ብሏል። እኔ የፈራሁት ሸክሙንና ብርዱን ነው። ያለችን ትንሽ የቡታጋዝ ምድጃ ናት። ምን ትላላችሁ? እንጀራስ ይቆይልናል?

የመንዝ ልጅ፦
ምስሩን ተዉት። ጓሳ ከ3200 ሜትር በላይ ነው፣ ውሃ እዛ 89 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሲንተከተክ ታዩታላችሁ፣ እህሉ ግን ልቡ አይበስልም፣ እናንተ ክዳኑን እየከፈታችሁ ስትቀምሱ ጋዙ ያልቃል። ማብሰሉን እቤት ጨርሱት፣ ላይ ስትደርሱ ሥራችሁ ውሃ ማፍላት ብቻ ይሁን። የእኛ አገር ሰው ይሄን ድሮ ነው የጨረሰው። በሶ የተቆላ ገብስ ነው፣ እሳት አያስፈልገውም። ጠዋት ድንኳኑ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ክብሪት ለመጫር ጣት እምቢ ሲል በስኳር ወይም በጨው በጥብጦ መጠጣት ነው። ጠንከር ያለ ለሚፈልግ፣ ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረገ በበርበሬ ያሽና ጭብጦ ያድርገው። ለማይጾሙት ጭኮ አሠሩላቸው፣ በዛ ብርድ አይበላሽም።
እንጀራውን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ያህል ብቻ ያዙ። የቀረውን ቀደም ብላችሁ ድርቆሽ አድርጉት፣ ይቀላችኋል። ማካሮኒው አይከፋም፣ ግን ቀጭኑን ምረጡ። ቱና ደግሞ ቆርቆሮውን ባዶውንም ተሸክማችሁ ነው የምትመለሱት።

የሽሮ ወዳጅ፦
የጾሙ ነገር እንዳያጣላችሁ። ሁሉንም የጾም ሥሩት፣ አንድ ድስት ይበቃል። ቅቤና ቋንጣ ለሚበላው በየሳህኑ ይጨመርለት።
አሁን ሽሮውን ልንገርሽ (ወንድ ከሆንክ ይቅርታ)። ሁለት ቀን ሲቀርሽ ሽንኩርት በደንብ ክተፊ። ያለ ዘይት አቁላዪው፣ ውሃው ሲመጥ ዘይትና በርበሬ ጨምሪ፣ ነጭ ሽንኩርትም። ቀይ ሆኖ ዘይቱ ወደላይ እስኪወጣ አትቸኩዪ። እርጥበት ከቀረ ይሻግታል። ሲበርድ ክዳኑ የሚጠብቅ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርጊው። ተራራው ላይ ከዚህ ቁሌት ሁለት ማንኪያ ድስት ውስጥ፣ ውሃ፣ ፈላ ሲል ሚጥን ሽሮ እየበተንሽ ማማሰል። ድርቆሹን እላዩ ላይ ፈርፍሪና ክዳኑን ግጠሚ፣ እሳቱን አጥፊው፣ እንፋሎቱ ያርሰዋል። በቃ፣ እራት ነው።

ላምባ፦
ስለ ጋዙ ማንም አላነሳም። ንጹሕ ቡቴን ከሆነ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ያቆማል። ጠዋት ቆርቆሮው ሙሉ ሆኖ ምድጃው ይሞታል፣ ሰው አለቀ ብሎ ይጥለዋል። ፕሮፔን የተቀላቀለበት ካገኛችሁ እሱን ግዙ፣ ካልሆነ ማታ ቆርቆሮውን የመኝታ ከረጢታችሁ ውስጥ አስገብታችሁ እደሩ። እሳት ላይ አድርጋችሁ እንዳታሞቁት ብቻ! እንጨት እናገኛለን ብላችሁም አትውጡ። ጓሳን ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ድሮ ቀሮ በሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት፣ ሲጠብቀው የኖረ ነው፣ አስታ (የደጋ ቁጥቋጦ) መቁረጥ ነውር ነው።
ሌላው አይጥ ነው። ቀይ ቀበሮው እዛ የሚኖረው በአይጡ ነው፣ ብዛቱን ከዚህ ገምቱ። የበሶ ፌስታል ድንኳን ውስጥ ካስቀመጣችሁ ድንኳኑንም ይበሱታል። ክዳን ያለው ባልዲ ያዙ። ቁራውም ዓይን አውጣ ነው። ለጭላዳ ደግሞ ምንም እንዳትሰጡ።

ተጓዥ ከደብረ ብርሃን፦
ወንድ ነኝ፣ ግን ሽሮውን እሠራዋለሁ ሃሃ። ተባረኩ። ባልዲው ፈጽሞ አልታሰበኝም ነበር። ውሃውስ? ከምንጭ ነው የምንቀዳው። ለአንድ ሰውስ ስንት ኪሎ እንያዝ?

የመንዝ ልጅ፦
ከፍታው ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ አቆዩት። ጋዝ ለመቆጠብ ከፈለጋችሁ ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያ ክሎሪን) ያዙ፣ ውሃው ከደፈረሰ ግን መጀመሪያ በነጠላ አጥልሉት። ስንቁን በሰው በቀን 700 ግራም ደረቅ አስቡ፣ ብርድ ያስርባል። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቆሎ ቃሙ፣ ሆድ ውስጥ እህል ሲኖር ብርዱ ይቀላል። ከእናንተ መሐል ቡና ሳይጠጣ የማይነቃ ካለ ተቆልቶ የተወቀጠውን ይያዝ፣ እዛ ሙቀጫ የሚሸከም የለም።

የሽሮ ወዳጅ፦
ጨው እንዳትረሳ።