ሁለት የኮሌጅ ደብዳቤ ይዘናል፤ እስከ ሜይ 1 መወሰን አለብን

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ ልጃችን ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃን ትጨርሳለች። ባዮሎጂ ተምራ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች። ሁለት ቦታ ተቀብለዋታል፤ አንዱ ከሜሪላንድ ውጭ ያለ የግል ኮሌጅ ነው፣ ሌላው ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ። ልቧ የግሉ ላይ ነው። ዘመድ ሁሉ ስሙን ሲሰማ እልል ብሏል።

የግሉ ኮሌጅ የዓመት ወጪ ማደሪያና ምግብ ተጨምሮ 68,400 ዶላር ነው። ደብዳቤው ላይ የኮሌጁ ግራንት 27,000፣ ከመንግሥት የሚሰጠው ፔል ግራንት 4,000፣ የተማሪ ብድር 5,500፣ ወርክ ስተዲ 2,500፣ ፓረንት ፕላስ የሚባል 20,000 ተዘርዝሮ፣ ከታች በደማቁ «የቀረ ክፍያ 9,400» ይላል። የሜሪላንዱ ደግሞ ወጪው 30,600 ሆኖ የዩኒቨርሲቲው ግራንት 5,000፣ ፔል 4,000፣ የተማሪ ብድር 5,500 ተቀንሶ ቀሪው 16,100 ነው።

ባለቤቴ «የግሉ እንዲያውም ይረክሳል፤ 9,400ውን በእቁብና በትርፍ ሰዓት እንወጣዋለን» ይላል። እኔ ግን ሌሊት ተነሥቼ ደብዳቤውን ደግሜ ደጋግሜ አየዋለሁ፤ አንድ ነገር አልዋጥልኝ ብሎኛል። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። እሱ ሁለት ሥራ ነበረው፤ አንዱ ባለፈው መኸር ቆሟል። ከታች ሁለት ልጆች አሉን፤ አገር ቤት ያለችውን እናቴንም እኔ ነኝ የምጦራት። ያለፋችሁበት ምከሩኝ።

አባት ከጌተርስበርግ፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። አልዋጥልሽ ያለሽ ነገር ትክክል ነው። እርሳስ አንሺና በሁለቱም ደብዳቤ ላይ የሚመለስ ገንዘብን ሁሉ ሰርዢ። የተማሪ ብድሩን ሰርዢ። ፓረንት ፕላሱን ሰርዢ። ወርክ ስተዲውንም ለጊዜው ሰርዢው፤ ልጅቷ ሠርታ በየጊዜው የምትቀበለው ደመወዝ እንጂ ከክፍያው ላይ አስቀድሞ የሚቀነስ አይደለም። በግሉ ኮሌጅ በኩል የሚተርፈው የማይመለሰው ስጦታ፣ የኮሌጁ ግራንትና ፔል ነው፤ 31,000። ስለዚህ የእናንተ ዋጋ 9,400 ሳይሆን 37,400 ነው። በሜሪላንዱ በኩል 9,000 ይተርፋል፤ ዋጋው 21,600 ይሆናል። በዓመት 15,800 ዶላር የሚወደደውን ነው «ይረክሳል» ያሰኛችሁ! ብድርን ከስጦታ ጋር በአንድ ዓምድ ደርድሮ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ወላጅ መላክ እኔን ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

አሁን ፓረንት ፕላስ ላይ ልቁም። ይህ ብድር በልጅሽ ስም አይደለም፤ በአንቺ ወይም በባለቤትሽ ስም ነው። ወለዱ በ2025–26 የትምህርት ዓመት 8.94 በመቶ ነበር፤ በየዓመቱ አዲስ ይወጣል። ወለዱ መቁጠር የሚጀምረው ገንዘቡ ከተለቀቀበት ቀን ነው። ከላዩም ከ4 በመቶ በላይ ክፍያ ይቆረጣል፤ ከ20,000ው ላይ ከ800 ዶላር በላይ ኮሌጁ ሳይደርስ ይቀራል ማለት ነው። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ አዲስ ተበዳሪ ወላጅ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000፣ በጠቅላላው ከ65,000 በላይ መውሰድ አይችልም። እስቲ አስቢው፤ ሦስት ዓመት ሃያ ሃያ ሺህ ከወሰዳችሁ 60,000 ሞላ። ለአራተኛው ዓመት የሚቀራችሁ 5,000 ነው። ልጅቷ ልትመረቅ አንድ ዓመት ሲቀራት 15,000 ዶላር ከየት ይመጣል? ያን ጊዜ ነው ከባንክ የግል ብድር «አጎት ይፈርምልኝ» የሚባለው፤ በዚህ ምክንያት የተቀያየመ ቤተሰብ አውቃለሁ።

ኮሌጅ ፓርክ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ አይደለም። የማደሪያና የምግቡ ዋጋ ደብዳቤው ላይ ለብቻው ስንት ነው?

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

15,200 ይላል። ከቤት ብትመላለስ ግን ጓደኛ እንዳታጣ፣ ትምህርቱም እንዳይከብዳት ፈራሁ።

አባት ከጌተርስበርግ፦

ከ21,600 ላይ 15,200 ሲነሣ 6,400 ይቀራል። በራሷ ስም የሚሰጣትን 5,500 የተማሪ ብድር ከወሰደች ከእናንተ የሚጠበቀው 900 ዶላርና የመጓጓዣ ነው። ከቤት ስትመላለስ ግራንቱ እንዳይቀነስ ግን አስቀድመሽ ቢሮውን ጠይቂ።

ፍርሃትሽ ይገባኛል። የእኔ ልጅ ሁለት ዓመት ከሚያስተምረው የአካባቢያችን ኮሌጅ፣ ከሞንትጎመሪ ኮሌጅ ጀምሮ ነው ወደ ኮሌጅ ፓርክ የተዛወረው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከበዱት፤ ክፍል እንዳለቀ ወደ ቤት ይሮጥ ነበር። በኋላ እናቱ «እራት እስኪደርስ እንዳትመጣ» ብላ ምሳውን በሁለት ዕቃ እየቋጠረች ትልከው ጀመር፤ አንዱን ለእሱ፣ አንዱን አብሮት ለሚያጠና ልጅ። በእንጀራና በምስር ወጥ ያፈራቸው ጓደኞቹ ዛሬም አሉ። የተመረቀው ያለ አንድ የወላጅ ብድር ነው፤ ዲፕሎማው ላይ ያለውም የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ስም ነው።

በኮሌጅ ድጋፍ ቢሮ የምሠራ፦

ጤና ይስጥልኝ እናቴ። ከላይ የተጻፈው ስሌት ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ባለቤትዎ ሥራ ነው። የ2026–27 ፋፍሳ፣ ማለትም የድጋፍ ማመልከቻው ፎርም፣ የሚያየው የ2024ን ታክስ ነው። በዚያ ዓመት ሁለቱም ሥራዎች ስለነበሩ ፎርሙ እናንተን ከዛሬው ገቢያችሁ የተሻለ አድርጎ ነው ያያችሁ። ሕጉ ለኮሌጁ የድጋፍ ቢሮ እንዲህ ያለውን ለውጥ በሰነድ አይቶ ቁጥሩን የማስተካከል ሥልጣን ይሰጠዋል። የ2026–27 ፔል ግራንት እስከ 7,395 ሊደርስ ስለሚችል ከ4,000 ከፍ የሚልበት ቦታ አለ። «ልዩ ሁኔታ ስላጋጠመን እንደገና ይታይልን» ብለው ለሁለቱም ኮሌጆች ይጻፉ፤ ሥራው የቆመበትን ደብዳቤና የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀቶችን ያያይዙ። ለእናትዎ የሚልኩትን ገንዘብ ደረሰኝም ይጨምሩ። እሱን መቀበልና አለመቀበል የእነሱ ፈንታ ነው፤ ካልተነገራቸው ግን የሚያውቁበት መንገድ የለም። ብዙ ወገኖቻችን ልመና እየመሰላቸው ይህን ይተዉታል። ልመና አይደለም፤ የቢሮው የዕለት ሥራ ነው።

ሌላው፣ ልጅዎ ሐኪም መሆን ከፈለገች ትልቁ ወጪ ገና ከፊቷ ነው። ከጁላይ 2026 በኋላ የሕክምና ተማሪ ከመንግሥት የሚበደረው በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ ያበድር የነበረው ፕሮግራም ለአዲስ ተበዳሪ ተዘግቷል። ለመጀመሪያው ዲግሪ የምታወጡት እያንዳንዱ ዶላር ለዚያ ቀን የሚጎድል ዶላር ነው።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦

እኔም ኮሌጅ ፓርክ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከማኅበር ስኮላርሺፕ ካገኘች ዩኒቨርሲቲው በምትኩ የራሱን ግራንት እንዳይቀንስባት በሜሪላንድ የመንግሥት ኮሌጆች በሕግ ተገድቧል፤ ከ2017 ጀምሮ። ስለዚህ የ500 ዶላሩንም አትናቁት። ሐበሻ ተማሪ ደግሞ እዚህ ሞልቷል፤ ብቻዋን አትሆንም።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ልጄንና አባቷን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጋሼ እንዳሉት በእርሳስ ሰረዝነው። ባለቤቴ 65,000ው ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ልጄ አለቀሰች፤ አላባበልኳትም፣ ማዘን ይገባታል። በኋላ ራሷ የሕክምና ትምህርት ቤቱን ብድር በአራት ዓመት አባዝታ አሳየችን።

ለሁለቱም ኮሌጆች የይግባኝ ደብዳቤ እየጻፍን ነው። የግሉ ግራንቱን ጨምሮ ከሜሪላንዱ ጋር ካልተቀራረበ ኮሌጅ ፓርክ ትገባለች፤ በዚህ ሦስታችንም ተስማምተናል። ለቢሮዋ ልጅ አንድ ጥያቄ ይቅረኝ፤ የይግባኙ መልስ ሜይ 1 ሳይደርስ ቢዘገይስ?

በኮሌጅ ድጋፍ ቢሮ የምሠራ፦

ዛሬውኑ ደውለው የመወሰኛው ቀን እንዲራዘምላችሁ ይጠይቁ፤ እሺ ካሉም በኢሜይል ይጻፉልኝ ይበሉ። እስከዚያው የሜሪላንዱ ቦታ እንዳያመልጣት ማስያዣውን በጊዜ ክፈሉ።