የድጋሚ ራጅ መዝገብ ላይ የባለሙያ ስም ይጻፍ ወይስ ይቅር?

ከዚራ
ሰላም የሙያ አጋሮቼ። ድሬዳዋ ራጅ ክፍል ነው የምሠራው። ተበላሽተው የተደገሙ ራጆችን የምንመዘግብበት ደብተር ከፍተን ነበር። መጀመሪያ ጥሩ ሄደ። ምክንያቱ ይጻፋል፦ አቀማመጥ፣ እንቅስቃሴ፣ የቀኝና የግራ ምልክት መርሳት። ኋላ ላይ «ማን አነሳው» የሚል ዓምድ ተጨመረበት። ወሩ ሲያልቅ ስም በስብሰባ ተነበበ። ከዚያ ወዲህ ደብተሩ ባዶ ነው። ግን እኮ ታካሚ ሲደገም በዓይኔ አያለሁ! ምስሉ ኮንሶሉ (የማሽኑ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) ላይ ዲሊት ይደረጋል፣ አለቀ። ጨረሩን ግን ታካሚው ሁለቴ ወስዷል። በጣም ያሳስበኛል። እናንተ ጋ እንዴት ነው?

የጀጎል ልጅ
እህቴ፣ ስሙን ዛሬውኑ አውጡት። ሐረር እኛ ጋ የሚጻፈው የምርመራው ዓይነት፣ ምክንያቱና ፈረቃው ብቻ ነው። ብዙ የሚደገመው የደረት ራጅ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ትንፋሽ! አየር በደንብ ካልተሳበ ሳንባው አይዘረጋም፣ ልብም ያለልኩ ትልቅ መስሎ ይወጣል። ትእዛዙ በአማርኛ ነው፤ ታካሚው ደግሞ ኦሮምኛ ወይ ሶማልኛ ተናጋሪ። አሁን ከማንሳታችን በፊት በቋንቋው አንዴ እናለማምደዋለን። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አብሬው እስባለሁ፣ አብሬው እይዛለሁ። ትከሻው ብቻ ከፍ ካለ በደንብ አልሳበም፤ እንደገና እናለማምዳለን። ስም ቢጻፍ ኖሮ «እገሌ ሰነፍ ነው» ተብሎ ይዘጋ ነበር።

ባዮሜዲካል ነኝ
ብዙዎቹ ዲጂታል ማሽኖች የተጣለውን ምስል ከነምክንያቱ ይይዛሉ። ኮንሶሉ ውስጥ ፈልጉት፣ ወይ የጥገና ባለሙያውን ጠይቁ። የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰነድ ከተነሱት ምስሎች ለሚጣሉት 8 በመቶን እንደ ግብ ያስቀምጣል፤ 10 በመቶ ካለፈ ይመርመር ይላል። ዜሮ ከሆነ ግን አትደሰቱ። ወይ አልተመዘገበም፣ ወይ የተበላሸው ምስል እንዳለ ለሐኪሙ እየተላከ ነው።

ሳቢያን
ስም ጨርሶ ይጥፋ በሚለው አልስማማም። አዲስ ተመራቂ ጉልበት ራጅ ላይ ደጋግሞ ቢቸገር ማን ያግዘው? ኃላፊው ለብቻው ይወቅና አጠገቡ ቆሞ ያሳየው። ስብሰባ ላይ ግን አይነበብ።

ከዚራ
@ሳቢያን ልክ ነህ፣ እኛ ጋ ግን መተማመኑ ተሸርሽሯል። መጀመሪያ ዓምዱ ይውጣ። ሰኞ ለኬዝ ቲም ኃላፊያችን አቀርባለሁ። @የጀጎል ልጅ፣ ወንድሜ፣ የሶማልኛውን ትእዛዝ በድምፅ ቀድተህ ላክልኝ። የማታ ፈረቃ ላይ ቋንቋውን የሚችል ሰው የለንም።